እሱም፣ እሷም፣ እሳቸውም፦ ስለ ካቡኪው ተዋናይ ባንዶ ታማሳቡሮ

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማምሻ ላይ ስለ ጃፓን ቴያትር ለመስማት ይህን ያህል ሰው መምጣቱ በጣም ደስ ብሎኛል። ዓመቶችን ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ ቪዲዮ አሳየኝ። መድረኩ ጨለም ብሏል። በረዶ ይወርዳል፤ ከወረቀት የተቆራረጠ በረዶ ነው። መሀል ላይ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ዣንጥላ ይዛ ቆማለች። ራሷ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ለረጅም ጊዜ ይህ ነው የሚባል ነገር አታደርግም። አንገቷን ብቻ ቀስ አድርጋ ታዞራለች። ያን ጊዜ ወፍ መሆኗ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም፤ አንገቷ ነው የነገረኝ።

«ማን ናት?» አልኩት።

«ናት ሳይሆን ነው በል» አለኝ።

ተዋናዩ ባንዶ ታማሳቡሮ ይባላሉ። ወንድ ናቸው። ካቡኪ በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቴያትር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ወንድ ኦናጋታ ይባላል። እሳቸው በዘመናችን ካሉት ኦናጋታዎች ሁሉ ስማቸው የገነነ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ስለ አንድ ሰው ለማውራት ከመጀመሪያው ግስ ጀምሮ መምረጥ አለብን። ገባ ወይስ ገባች? ቆመ ወይስ ቆመች? መድረክ ላይ ያለችው ሴት ናት። ያቆማት ሰው ደግሞ ወንድ ነው። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ብዙ ጊዜ ተደናቀፍኩ። ያወጣኝ አንቱታ ነው። «እሳቸው» ስንል ወንድም ሊሆን ይችላል፣ ሴትም። ስለዚህ ዛሬ ሕፃኑን «እሱ»፣ መድረክ ላይ ያለችውን «እሷ»፣ ባለሙያውን «እሳቸው» እላለሁ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው።

ለመሆኑ ወንድ ለምን የሴት ቦታ ያዘ? ነገሩ ግራ የሚያጋባው ካቡኪን የጀመረችው ሴት መሆኗ ነው። ኦኩኒ ትባላለች። 1603 አካባቢ ኪዮቶ ውስጥ ሰው እየሰበሰበች ትጨፍር ነበር። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ሰይፍ ታጥቃ የወንድ ገጸ ባሕርይ ትጫወት ነበር። ሕዝቡ ወደዳት፤ ሌሎችም ተከተሏት። ትርኢቱ ግን ከሴተኛ አዳሪነት ጋር ተያያዘ፤ ጠብም በዛ። መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ። በቦታቸው ለጋ ወጣት ወንዶች ገቡ። በእነሱም ዙሪያ ያው ጣጣ መጣ፤ በ1652 እነሱም ታገዱ። የቀሩት አዋቂ ወንዶች ናቸው፤ እነሱም የፊት ፀጉራቸውን እንዲላጩ ታዘዙ። መላጨቱ ማራኪነታቸውን እንዲቀንስ ታስቦ ነው። ኦናጋታዎቹ ታዲያ የተላጨውን ቦታ በወይን ጠጅ ቀለም የሐር ጨርቅ ሸፈኑት። ያ ጨርቅ ራሱ ውበት ሆነ። እስከ ዛሬም በአንዳንድ ገጸ ባሕርያት ግንባር ላይ ታዩታላችሁ።

በእኛም አገር በቴያትር መጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴቶች መድረክ ሲወጡ ያ ልማድ ቀረ። በጃፓን ግን ሴቶች ወደ መድረክ እስኪመለሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኦናጋታነት የራሱ አረማመድ፣ የራሱ ድምፅ፣ የራሱ የእጅ አያያዝ ያለው ሙያ ሆኗል። ስለዚህ አልቀረም።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ።

ታማሳቡሮ የተወለደው በ1950 ቶኪዮ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ የጃፓን ባህላዊ ምግብ ቤት ነበረው። ካቡኪ የዘር ሙያ ነው፤ አባት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ ያስተላልፈዋል። ትልልቅ ገጸ ባሕርያትን የሚያገኙት ከትልልቅ ቤቶች የተወለዱት ናቸው። ይህ ልጅ ከዚያ ዓለም ውጭ ነው የተወለደው። በዚያ ላይ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው የልጅነት ልምሻ ያዘው። ፖሊዮ ማለት ነው። እግሩ ተጎዳ። እንዲጠነክር ተብሎ ጭፈራ እንዲማር ተደረገ።

ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጭፈራው መጀመሪያ የመጣው እንደ ፊዚዮቴራፒ ነው። ልጁ ግን ወደደው። መምህራኑም አንድ ነገር አዩበት። ሞሪታ ካንያ 14ኛ የሚባሉ የካቡኪ ተዋናይ ደቀ መዝሙር አድርገው ተቀበሉት።

በ1957፣ በ7 ዓመቱ፣ ባንዶ ኪኖጂ በሚል የልጅነት የመድረክ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። ቴያትሩ ቴራኮያ ይባላል። «የመንደር ትምህርት ቤት» እንደማለት ነው። የተሰጠው ገጸ ባሕርይ ኮታሮ የሚባል ሕፃን ነው። ኮታሮ እናቱ ትምህርት ቤት አድርሳው የምትሄድ ልጅ ነው። የጌታቸው ልጅ እንዳይገደል በእሱ ፋንታ የሚሞተው ኮታሮ ነው። አባቱ የቆረጠው ነገር ነው፤ እናቱም ታውቃለች። ከሌላ ቤት መጥቶ በሰው ልጅ ቦታ የሚቆም ሕፃን! ያን ቀን አዳራሽ የነበረ ሰው ይህን ያሰበው አይመስለኝም። እኔ ግን የሕይወት ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ላይ ልቤ ይነካል።

በ1964 ሞሪታ ካንያ በጉዲፈቻ ልጃቸው አደረጉት። በዚያው ዓመት ስም ወረሰ። በካቡኪ ስም እንደ ርስት ነው። ይወረሳል፣ ይጠበቃል፣ ይተላለፋል። ታማሳቡሮ የሚለውን ስም ከእሱ በፊት አራት ሰዎች ይዘውታል። እሱ አምስተኛው ነው። ገና 14 ዓመቱ ነበር፤ ስሙ ግን ከዕድሜው የቆየ ነው። እኔም ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ።

ስም መውረስ አካልን አይለውጥም። ታማሳቡሮ ረጅም ሆነው አደጉ፤ ወደ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በወንድ ተዋናዮች ፊት ቀጭንና አጭር ሆኖ መታየት ላለበት ኦናጋታ ይህ ብዙ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ጉልበት ይታጠፋል። ከልብሱ ሥር ጉልበቱ ታጥፎ ይቆያል፤ ከላይ ሰውየው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ከኋላ ወደ መሀል ይሳባሉ፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳሉ። ትከሻው ይጠባል፣ አንገቱ ይረዝማል። ጉልበቶች አይለያዩም። ለልምምድ ወረቀት በጉልበት መሀል ይዘው ይራመዳሉ፤ ወረቀቱ ከወደቀ እንደገና ይጀመራል። የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ ይዞራሉ። እስቲ ቤታችሁ ገብታችሁ አምስት ደቂቃ ሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። የካቡኪ ትርኢት ደግሞ በወር ወደ 25 ቀን ይታያል።

ልብሱን ጨምሩበት። በአንዳንድ ቴያትሮች የምትወጣ ከፍተኛ ማዕረግ ያላት ሴተኛ አዳሪ ልብሷና ሰው ሠራሽ ፀጉሯ ተደምሮ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ጫማዋ ከፍ ያለ የእንጨት ነጠላ ጫማ ነው። በዚያ ጫማ እግሯን እየጠመዘዘች፣ ከፊል ክብ እየሠራች ትራመዳለች። ታዳሚው የሚያየው እርጋታ ነው። ከሥር ያለው ግን በልጅነቱ የታመመ እግር ነው።

ስለዚህ «ሴት ያስመስላሉ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እሟገታለሁ። ማስመሰል ውሸት ነው። እዚህ ያለው ግንባታ ነው። አንገቱ ለብቻው፣ ትከሻው ለብቻው፣ ዐይኑ ለብቻው ተሠርቶ ይገጣጠማል። መንገድ ላይ የምታልፍ አንዲትም ሴት እንደዚያ አትራመድም። መድረክ ላይ ግን ሴት ናት። ታላቁ የጥንት ኦናጋታ ዮሺዛዋ አያሜ (ከ1673 እስከ 1729 የኖረ ነው) ኦናጋታ ከመድረክ ውጭም እንደ ሴት መኖር አለበት ብሎ ያስተምር ነበር። ታማሳቡሮ በዚያ መንገድ አልሄዱም። ከመድረክ ሲወርዱ ጸጥ ያሉ፣ ሱፍ የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሴቲቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ትቀራለች።

ወደ መጀመሪያው ቪዲዮ ልመለስ። ጭፈራው ሳጊ ሙሱሜ ይባላል፤ ረጅም አንገት ያላት የነጭ ውሃ ወፍ መንፈስ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1762 ነው። በፍቅር የተጎዳች ወፍ በሰው መልክ ትመጣለች። በመሀል ነጩ ልብስ በዐይን ጥቅሻ ወደ ቀይ ይለወጣል። ምስጢሩ ክር ነው። ልብሱ በጥቂት ክሮች ብቻ ተያይዟል። እሷ ስትጨፍር ከኋላዋ የተቀመጠ ረዳት ክሮቹን አንድ በአንድ ይመዝዛል። ሰዓቱ ሲደርስ አንዴ ይጎትታል። የላይኛው ተነሥቶ የታችኛው ይታያል። እሷ እንዳላወቀች ጭፈራዋን ትቀጥላለች። መጨረሻ ላይ በበረዶው ውስጥ ክንፏን እያርገበገበች ትወድቃለች። ይህ አወዳደቅ ከሩሲያዊቷ የባሌት ዳንሰኛ ከአና ፓቭሎቫ የመጣ ነው ይባላል። ፓቭሎቫ በ1922 ጃፓን ሄዳ «በሞት ላይ ያለችው ስዋን» የሚባለውን የወፍ ጭፈራ ጨፍራ ነበር። የካቡኪው ኦኖዬ ኪኩጎሮ 6ኛ አይቷት፣ ወስዶ የራሱ አደረገው። ስለ ንጹሕ ወግ ለሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ታማሳቡሮ ይህን ጭፈራ በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ አቀረቡት። ቤቱ መቶኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ጊዜ ነበር። በ2009 ደግሞ ሙሉውን ጭፈራ በካቡኪ ቤት መጫወት አቆሙ። ስድሳ ሊደርሱ ነበር። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት ነው የተውት።

ወደ ወጣትነታቸው ልመልሳችሁ። በ1969 ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማ በቶኪዮው ብሔራዊ ቴያትር አዲስ የካቡኪ ድርሰት አዘጋጀ። ልዕልት ሺራኑይን እንዲጫወቱ ታማሳቡሮ ተመረጡ። 19 ዓመታቸው ነበር። ሚሺማ በማግሥቱ ዓመት ሞተ፤ የወጣቱ ተዋናይ ስም ግን ከዚያ ጀምሮ ከካቡኪ ወዳጆች አልፎ ወጣ። በ1970ዎቹ ካታኦካ ታካኦ ከሚባሉ የካቡኪ ተዋናይ ጋር ጥንድ ሆኑ። ታካኦ ወንዱ፣ ታማሳቡሮ ሴቲቱ። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም መልከ መልካም። ሕዝቡ ከሁለቱ ስም ቆርሶ «ታካ ታማ» አላቸው። ወጣቶች ወደ ካቡኪ ቤት ጎረፉ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ያደረጉት ነገር አለ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። አብረው ከተጫወቱት አንዱ ስለ ልዕልት ሳኩራ የሚያወሳው የ1817 ድርሰት ነው። ልዕልቲቱ 17 ዓመቷ ነው። ከቤተ መንግሥት ወጥታ እስከ ሴተኛ አዳሪ ሰፈር ትወርዳለች። በ1985 ከተጫወቱት በኋላ ለ36 ዓመት አብረው አልደገሙትም። በ2021 እንደገና አቀረቡት። ታካኦ በዚህ መሀል ኒዛኤሞን 15ኛ የሚለውን ታላቅ ስም ወርሰዋል፤ 77 ዓመታቸው ነው። ታማሳቡሮ ሰባን ደፍነዋል። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው የ17 ዓመት ልጃገረድ ሆነው ወጡ። ያኔ ቴያትር ቤቶች በኮሮና ምክንያት የሚገባውን ሰው ቀንሰው ነበር። ሌላ ጊዜ ከላይኛው ፎቅ «ያማቶያ!» እያለ የቤታቸውን ስም የሚጮህ ታዳሚ አለ፤ ያን ጊዜ ጩኸት ክልክል ነበር። ጭብጨባ ብቻ።

ከካቡኪ ውጭ የሠሩት ብዙ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ ልጥቀስ። የሼክስፒርን ሌዲ ማክቤዝንና ዴዝዴሞናን ተጫውተዋል። ፖላንዳዊው አዘጋጅ አንድዜይ ቫይዳ ከሩሲያዊው ደራሲ ከዶስቶየቭስኪ ልቦለድ በሠራው ቴያትር፣ ኋላም በ1994 ፊልም፣ ልዑል ሚሽኪንንም ናስታሲያንም ተጫወቱ። ሁለቱንም! በአንድ ትዕይንት ውስጥ የአንገት ልብስና የጆሮ ጌጥ አድርገው ሴቲቱ ይሆናሉ፤ አውልቀው ወንዱ ይሆናሉ። በ2008 ደግሞ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ አንድ የቻይና ኦፔራ በቻይንኛ ዘፈኑ። ቋንቋቸው አይደለም። ቃሉንም ዜማውንም ከቻይናዋ ከተማ ከሱዙ ባለሙያዎች ተማሩ። በ58 ዓመት ገደማ እንደ ተማሪ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ሽልማቶቹም መጡ፤ የኪዮቶ ሽልማት በ2011፣ በ2012 ደግሞ መንግሥታቸው «ሕያው የአገር ቅርስ» ብሎ ሰየማቸው።

ከሽልማቶቹ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ያማጋ ነው። ያማጋ በደቡብ ጃፓን በኩማሞቶ አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1910 የተሠራ ያቺዮዛ የሚባል የእንጨት ቴያትር ቤት አላት። ሲኒማና ቴሌቪዥን ሲመጡ ቤቱ ተዘግቶ፣ ተጎሳቁሎ ነበር። የከተማው ሰው ጣሪያውን ለማደስ ገንዘብ አዋጣ። ታማሳቡሮ በ1990 ሄደው በዚያ መድረክ ተጫወቱ። አንድ ጊዜ ሄደው አልቀሩም፤ ደጋግመው ተመለሱ። ቤቱ ሙሉ እድሳቱን በ2001 ጨረሰ። ከኒውዮርክ መድረክ የተመለሰ ሰው፣ ታዳሚው ወለል ላይ ተቀምጦ ወደሚያይበት የገጠር ቴያትር ቤት ዓመት አልፎ ዓመት ይሄዳል።

ስለ አኮያ ሳልነግራችሁ አልጨርስም።

አኮያ በ1732 ለአሻንጉሊት ቴያትር በተጻፈ ድርሰት ውስጥ ያለች ሴት ናት። ስመ ጥር ሴተኛ አዳሪ ናት። ውዷ ካገኪዮ የሚባል የተሸነፈ ወገን ጦረኛ ነው፤ ተደብቋል። ያለበትን ትናገር ዘንድ ችሎት አቀረቧት። ኢዋናጋ የሚባለው አንዱ መርማሪ ፊቱ ቀይ ነው፤ ትገረፍ ይላል። ሺጌታዳ የሚባለው ዳኛ ግን የሙዚቃ መሣሪያዎች ይምጡ አለ። ሦስት ናቸው። አንደኛው ኮቶ ነው፤ ወለል ላይ የሚዘረጋ፣ 13 ክር ያለው። ሁለተኛው ሻሚሰን ነው፤ ባለ 3 ክር። ሦስተኛው ኮክዩ ነው፤ በደጋን የሚመታ ስለሆነ ለማሲንቋችን ዘመድ ነው። ዳኛው የሚለው ይህን ነው፦ ውሸት የያዘ ልብ ዜማ ያበላሻል። ምቺና እንስማ።

ትመታለች። በሦስቱም እየዘፈነች ስለ ፍቅሯ ትናገራለች። አንዲት ድምፅ አትዛነፍም። ዳኛው የት እንዳለ በእርግጥ አታውቅም ብሎ ይለቃታል።

የዚህ ገጸ ባሕርይ ጭንቅ ምኑ ላይ ነው መሰላችሁ? መሣሪያዎቹን የሚመታው ተዋናዩ ራሱ ነው። ቀጥታ፣ ታዳሚ ፊት፣ ያን ከባድ ልብስ ለብሶ። እጁ ይመታል፣ ድምፁ ይዘፍናል፣ ፊቱ ደግሞ የናፈቀች ሴት ፊት መሆን አለበት። ትንሽ ቢሳሳት ዳኛው እንዴት ይለቃታል? ድርሰቱ ራሱ ይፈርሳል። ስለዚህ ደፋሪ ጠፋ። ለብዙ ዓመታት አኮያን የሚጫወቱት ታላቁ ናካሙራ ኡታኤሞን 6ኛ ብቻ ነበሩ። ታማሳቡሮ በ1997 ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ብቻቸውን ቀሩ። ለሃያ ዓመት ያህል አኮያ ማለት ታማሳቡሮ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ አደጋ ላይ ነው። ታማሳቡሮ ይህን ያውቁ ነበር። በታኅሣሥ 2018 በቶኪዮው ካቡኪ ቤት አኮያን ለሦስት ሰው አካፈሉት። አንዳንድ ቀን እሳቸው፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ወጣት ኦናጋታዎች፤ ናካሙራ ባይሺና ናካሙራ ኮታሮ። ኮታሮ ከኡታኤሞን ቤተሰብ ነው። ከውጭ በጉዲፈቻ የመጡት ሰው የተቀበሉትን ለዚያው ቤት ልጅ መለሱለት።

ወጣቶቹ አኮያን በሚጫወቱበት ቀን ታማሳቡሮ ቤታቸው አልተቀመጡም። ፊታቸውን ቀይ ተቀብተው ኢዋናጋን ተጫወቱ፤ ትገረፍ የሚለውን መርማሪ። ኢዋናጋ የሚጫወተው እንደ አሻንጉሊት ነው። ከኋላው ሰዎች ይዘው የሚያንቀሳቅሱት ይመስል ቅንድቡ ይነሣል፣ ክንዱ ይገተራል። በ68 ዓመታቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ልዕልትና እመቤት ሆነው የኖሩት ሰው፣ ሰው የሚስቅበት ቀይ ፊት አሻንጉሊት ሆኑ። ኮቶው መጣ። ወጣቱ ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈ። እሳቸው ከዚያው መድረክ ላይ፣ ጥቂት እርምጃ ርቀው፣ ተቀምጠው ይሰማሉ።